ጠበል ሊቀዳበት የነበረው ጀሪካን

ይህ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቀበሌያችን በመጡ ሰሞን ነው። ያን ቀን እኔ ባልኖር ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በቅድሚያ ማን እንደሆንሁ ልንገራችሁ። ቡሬ ዙሪያ የምኖር ገበሬ ነኝ። የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ጎረቤቴ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም ጎኑ ተቀምጬ ነው። ሬዲዮ እጠግናለሁ። ስኳር በሽታ ሲይዘኝም መርፌውን ራሴን በራሴ መውጋት ወዲያው ቻልሁ። የጤና ጣቢያው ነርስ ራሷ «አባባ፣ እጅዎ አይንቀጠቀጥም» ብላ መስክራልኛለች።

ይህችው ነርስ ያገለገለ መርፌ ጓሮ እንዳልጥል አስጠንቅቃኝ ነበር። እኛ ዘንድ ጥራጊና አመድ ወደ በርበሬው መደብ ይሄዳል፤ በርበሬው ደግሞ በባዶ እጅ ይታረማል። ስለዚህ መርፌዎቼን ክዳን ባለው የዘይት ጀሪካን አጠራቅም ጀመር። ሲሞላ ጤና ጣቢያው ተቀብሎ ያቃጥለዋል። አንድ ነገር ብቻ ዘነጋሁ፦ በእኛ አገር ጀሪካን የጋራ ነው።

አንድ ጠዋት ከማሳ ስመለስ ጀሪካኑ የለም። ባለቤቴን አንጓችን ጠየቅኋት።

«ጎረቤታችን የሻረግ ናት የወሰደችው። እናቷን ጠበል ልታደርስ ‹ጀሪካን አንስቻለሁ› ብላ ከደጅ ብትጣራ፣ ‹ውሰጂ› አልኋት» አለችኝ።

ጠበሉ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ይገባል። መርፌው እዚያ ቢበተንስ ብዬ ዱላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥሁ። በእኔ ዕድሜ ያንን ቁልቁለት ያለ ዱላ የሚወርድ ካለ ይምጣ።

ስደርስ እግሯ የሚያብጥባት የሻረግ እናት በባዶ እግሯ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የሻረግ ክዳኑን ከፍታ ጀሪካኑን አዘንብላዋለች።

«አንቺ! እንዳትደፊው!»

«ኧረ አያ ስማቸው! ለአንድ ጀሪካን ይህን ያህል ሩጫ? እመልሰው የለም እንዴ!»

ጠበል የመጣው ሰው ሳቀ።

«ውስጡ መርፌ ነው! እኔ የተወጋሁበት መርፌ!»

ሳቁ ቆመ። የሻረግ ጀሪካኑን ቀና አድርጋ የእናቷን እግር አየች።

«ሲንኳኳ የደረቀ ቆሻሻ መስሎኝ... እዚሁ እግሯ ሥር ልደፋው ነበር እኮ» አለች።

እናቷ ግን «ገና ጠበሉ ሳይነካኝ ዳንሁ በሉኛ!» ብላ ሁሉንም አሳቀች።

ክዳኑን እኔው አጠበቅሁት። የሻረግ ጠበሉን ከሌላ ሰው በተዋሰችው ዕቃ ቀዳች።

ዛሬም ነገሩን ሳስታውስ ደረቴ ይነፋል። ጀሪካኑን ቀይ ቀለም ቀባሁት፤ ማንበብ የማይችልም እንዲያውቀው መርፌ ሣልሁበት። ከምሰሶው ጋርም በሽቦ አሰርሁት። አንጓች «ጀሪካንም እንደ ጥጃ ይታሰራል?» ብትልም አልሰማኋትም። የሻረግ ዕቃ ልትዋስ በመጣች ቁጥር «አያ ስማቸው፣ ይኸኛውስ አይናከስም?» ትለኛለች። ሲሞላ በገዛ እጄ ጤና ጣቢያ አስረክባለሁ። በሰፈሩ መርፌ የሚወጉ ሌሎችም ከእኔ አይተው የየራሳቸውን አስረዋል። በርበሬዬን ሲያርም የተወጋ ሰው የለም። የሻረግ እናትም ያን ቀን አቀበቱን እኔን ተደግፋ፣ በደህና እግሯ ቤቷ ገብታለች።