እስከ ተክሊል

ሞጣ በነርስነት የተመደብኩት ከታጨሁ በኋላ ነው። እጮኛዬ ቢቸና ቀረ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሒሳብ ያስተምራል፣ እሁድ በዲቁና ያገለግላል። ሽማግሌ ተልኮ ቀኑ ለጥር ተቆርጧል። ሁለታችንም በድንግልና ስለነበርን የምንጋባው በተክሊል፣ ዘውድ ደፍተን ነው። ይኸ ሲታሰበኝ መርፌ ይዤ እንኳ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፤ ታካሚዎቹ "ምን ተገኘ ልጄ?" ይሉኛል።

በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሳይነግረኝ ከተፍ አለ። በር ስከፍት የደብረ ወርቅ መንገድ አቧራ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ተጋግሯል።

"ልይሽ ብዬ ነው፤ በአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ እመለሳለሁ" አለኝ።

ከደስታዬ የተነሳ ግባ ማለቱም ጠፋኝ። እንቁላል ጠብሼ በላን፤ ስንስቅ፣ ስናወራ ስምንት ሰዓት ሆነ። ድንገት ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። አከራዮቼ ለቅሶ ሄደዋል፤ ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ክፍሌ ደግሞ ከአልጋው ሌላ መቀመጫ የላትም። እጄን ያዘኝ፤ ቶሎም አልለቀቀኝም።

ፈተናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "ለጥር ምን ቀረን? የምንጋባው ያው እኔና አንተ ነን። ማን ያውቅብናል?" አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ብድግ ብሎ በሩ ሥር ቆመ።

"ነገ ተራዬ ነው" አለ። "ደሙን ለሕዝቡ የማቀብለው እኔ ነኝ። በየትኛው እጄ ልያዘው?"

ዲያቆን ከጋብቻ በፊት ከወደቀ ክህነቱ እንደሚፈርስ አውቃለሁ፤ ተክሊሉም ይቀርብናል። እኔን የነካኝ ግን ፊቱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወዲያው ደግሞ በሩን ተወና፣ "በረዶው እስኪያባራ ልቀመጥ" ብሎ ወደ አልጋው መጣ። ከተቀመጠ ነገር እንዳበቃለት ገባኝ። ጃኬቱን አንስቼ አስታቀፍኩት።

"አትቀመጥ፣ እንውጣ።"

"በዚህ በረዶ?"

"በዚህ በረዶ።"

ወጥተን ሮጥን። በረዶው ራሳችንን እየቀጠቀጠው፣ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ እየቀረ ስመለስለት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ገበያው ቁልቁል በረርን። ልቤ ሊወጣ ደርሷል፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሮጬ አላውቅም። ትንፋሻችን ሲያጥር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባን። ባለሱቁ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩን።

"ልጆቼ፣ ምን አባረራችሁ?"

"ሰይጣን ነው አባባ" አላቸው እጮኛዬ፣ ሳቁ እያፈነው።

"አላህ ያርቀው። እንግዲያ ደግ ሮጣችኋል" ብለው ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱልን።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ደወለልኝ። "እጄ አልተንቀጠቀጠም" ነው ያለኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ከዚያ ወዲህ ሞጣ ሲመጣ የምንገናኘው ሰው በሞላበት ሻይ ቤት ሆነ። ፈተናው ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ አንዳንድ ቀን ሻዩ ሳያልቅ ተነስቼ የሄድኩበት ጊዜ አለ።

ጥር ደረሰና ቢቸና ላይ ካባ ለብሰን ከካህናቱ ፊት ቆምን። ቅባቱ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ መላ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ዘውዱ ለሹሩባዬ ሰፍቶ ወደ ጆሮዬ ሲንሸራተት፣ እንዳይወድቅብኝ አንገቴን ገትሬ ቆምኩ። ያዩኝ ሴቶች "ኮራች" አሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ኮርቻለሁ።

አምና ቅስና ተቀበለ። የመጀመሪያውን ቅዳሴ ቀድሶ ሲወጣ ምእመናን መስቀል ሊሳለሙ ተሰለፉ። እኔም ከባልቴቶቹ ኋላ ተራዬን ጠበቅሁ። ስደርስ አጎንብሼ፣ "ይፍቱኝ አባ" አልኩት። የቤቱ ሰው መሆኔ ትዝ ሲለው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠና "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብሎ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፈው።