የመንታዋ ጀልባ ርጭትና የኋላው አግዳሚ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ካንዴላ ማድረቅ ነበር። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ካለው ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሥራ ስጠይቅ ዋናው መካኒክ ኦቦ ታሲሳ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ በእጄ የያዝኩትን መጽሐፍ አዩ። ትልቅ ሴት ሆኜ የማታ ትምህርት የጀመርኩበት ጊዜ ነው። «መጽሐፉን አስቀምጪና ይሄን አድርቂ» ብለው ከውሃ መሳቢያ ሞተር የፈቱትን እሳት ሰጪ ካንዴላ ሰጡኝ። ጠርጌ መለስኩላቸው። ክሩን በጥፍራቸው ነክተው ጣታቸውን አሳዩኝ፤ እርጥብ ነበር።

«ቤንዚን ያለቀበት ሞተር ይተኛል» አሉ። «ውሃ የገባው ግን ይሞታል። እንደገና አድርቂ።»

ከአጣቢነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ሁለተኛ መካኒክነት ስሸጋገር ዓመታት አለፉ። የሲሬ ወፍጮ ቤቶች ሞተር፣ የአትክልተኞች ፓምፕ፣ ሞተር ብስክሌት፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ምሳ ሰዓት ላይ የሞተር መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ስለማነብ ወንዶቹ «ቲቸር» ይሉኝ ነበር። «ቲቸር፣ ዛሬ የቤት ሥራ አለ?» «አለ፤ የተውከውን ብሎን አጥብቅ» እላለሁ። ከዚያ ያለፈ ብዙ አላወራም።

አንድ ጧት ለሜሳ የሚባል ባለ ጀልባ ከፊንጫ ሐይቅ መጣ። ሁለት ቀጫጭን የብረት ጀልባዎች ጎን ለጎን አጣምሮ፣ በላያቸው ወለል አንጥፎ፣ ከኋላ ባለው ተሻጋሪ ብረት ላይ ሁለት ሞተር ሰቅሏል። ተሳፋሪዎቹ «መንታዋ» ይሏታል። በገበያ ቀን እህልና ሰው፣ በሌላው ቀን ምጥ የያዛት ሴት ሳይቀር ታሻግራለች። ችግሩ፣ ሐይቁ መሐል ስትደርስ አንዱ ሞተር ያስለውና ይቆማል፤ አንዳንዴ ሁለቱም።

«ሞተሮቹ ደህና ናቸው ኦቦ ታሲሳ» አለ ለሜሳ። «ጥፋቱ የውሃው ነው።»

«ውሃውማ እቤቱ ነው ያለው» አሉ። «አንተ ነህ የሄድክበት።»

አብረን ሄድን። ጀልባዋ ስትነሣ ከኋላ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ወደ ታች አየሁ። በሁለቱ ጀልባዎች መሐል የሚያልፈው ውሃ ይጨናነቅና ጫፉ ላይ ሲደርስ ክምር ሆኖ ይነሣል። ክምሩ ውሃ ውስጥ የሚገባውን የሞተሮቹን እግር ይመታና ሽቅብ እስከ ክዳናቸው ይረጫል። ክዳኑ ሞተሩ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለው። ውሃው በዚያ ይገባል፤ ከዚያ ካርቡራተር፣ ከዚያ ካንዴላ።

መጀመሪያ ሞተሮቹን ከፍ አደረግን። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እግሩ በጣም ከጠለቀ ራሱ ውሃ ይረጫል፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ውልብልቢቱ አየር ይቀዝፍና ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጀልባዋ አትሄድም። አንድ የብሎን ቀዳዳ ከፍ፣ ሙከራ፣ እንደገና አንድ ቀዳዳ። ቀጥሎ የአሉሚኒየም ላሜራ እንደ ምላስ አጥፈን ከሞተሮቹ ፊት፣ በሁለቱ ጀልባዎች መሐል አሰርን፤ የሚነሣውን ውሃ ወደ ታች እንዲመልሰው። ባዶዋን ስንሞክራት የሞተሮቹ ክዳን ደረቅ ነበር። ለሜሳ መዳፉን አሳልፎበት ሳቀ።

የገበያ ቀን ሲሆን ክዳኑ እንደገና ራሰ።

ያን ቀን ዓይኔን ከውሃው አንሥቼ ሰዎቹን አየሁ። ከኋላ፣ ከሞተሮቹ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ፊት ያለው ቦታ ንፋስና ውሃ ስለሚያገኘው የኋላው የሽማግሌ ቦታ ነው፤ ማንም አልደነገገውም፣ ማንም አይጥሰውም። እዚያ የሚቀመጡት ኦቦ ዋቅጅራ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ደረታቸው የሚያፍናቸው፣ ወሬያቸው ግን የሚጣፍጥ። ግድቡ ተሠርቶ ሐይቁ ሳይተኛበት በፊት የትኛው ማሳ የማን እንደነበር ውሃው ላይ በጣታቸው እያመለከቱ ይናገራሉ። እሳቸው ሲጀምሩ ተሳፋሪው እህሉን ፊት ላይ ትቶ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ጀልባዋ በቂጧ ትቀመጣለች፤ ሞተሮቹ ይሰምጣሉ፤ ላሜራችን ራሱ ከውሃ በታች ይሆናል።

ኦቦ ዋቅጅራ የሚሻገሩት ለገበያ አልነበረም። ማዶ እኅታቸው አዴ ጫልቱ አሉ። ከወንድም ከእኅት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የአዴ ጫልቱ ዓይን ፈዟል፣ ከቤት አይወጡም። ኦቦ ዋቅጅራ በየገበያው ቀን ሄደው መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡላቸዋል፤ ካቆሙበት ገጽ መሐል የሣር አገዳ ያስቀምጡና በሚቀጥለው ከዚያው ይነሣሉ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ መጽሐፍ ስይዝ አይተው።

ክብደት ወደ ፊት መሄድ አለበት። ከኋላ ከሰው ሌላ የቤንዚኑ ታንኮችና ባትሪዎቹ አሉ። እነሱን ወደ ፊት ለመውሰድ ቤንዚን የሚችል ረጅም ቱቦና ወፍራም የባትሪ ገመድ ያስፈልጋል፤ ነቀምቴ አጣን፣ አዲስ አበባ ላክን። ኦቦ ታሲሳ «ቱቦው እስኪመጣ ጀልባዋ ትቁም» አሉ።

«ልትወልድ የደረሰች ሴት ልትቆም ትችላለች?» አለ ለሜሳ። «አግዳሚውን ወደ ፊት እንውሰደው። ሽማግሌው ፊት ከተቀመጡ ሰዉ ይከተላቸዋል።»

ስሌቱ ትክክል ነበር። ኦቦ ታሲሳ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ንገሪያቸው። ያንቺ ድምፅ ሰው አያስቆጣም።»

ኦቦ ዋቅጅራ ሐይቁ ዳር ቆመው ሳሉ ነገርኳቸው። ምክንያቱን በደንብ አስረዳሁ፤ ክብደቱን፣ ውሃውን፣ ክዳኑን።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የከበድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም ኦቦ። ዙሪያዎ የሚሰበሰበው ሰው ነው።»

«እንግዲያ የከበደው ወሬዬ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። መጽሐፋቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ፊት ሄደው ተቀመጡ። እንደታሰበው ሰዉ ተከተላቸው። ያን ቀን ግን ወሬ አልነበረም፤ ንፋሱ አፍ አያስከፍትም። ማዶ ስንደርስ ሞተሮቹ ደረቅ ነበሩ፤ የኦቦ ዋቅጅራ ጋቢ ይጨመቅ ነበር። ለሜሳ የሞተሩን ክዳን መታ መታ አድርጎ «አዴ ቶለሺ፣ ገለቶማ፣ ተባረኪ» አለኝ። እኔ የሽማግሌውን ሳል እየሰማሁ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም። ሐይቁን በእግር መዞር ለእሳቸው ጉልበት የሚታሰብ አይደለም። ለሜሳን ስጠይቀው «ደረታቸው ነው» አለኝ። ከኋላ ይቁሙ ቢላቸው እምቢ ማለታቸውንም ነገረኝ። «ለሁሉ የተባለ ለእኔም ተባለ» ነው ያሉት። ከዚያ ወዲያ ጀልባዋ አንድም ቀን መሐል ላይ አልቆመችም።

ቱቦውና ገመዱ ክረምቱ ካለፈ፣ መንገዱም ከተከፈተ በኋላ ደረሱ። ታንኮቹንና ባትሪዎቹን ከወለሉ ሥር ወደ ፊት ወሰድን። ቱቦው የሚያልፍበትን እያንዳንዱን ቀዳዳ ብረቱ እንዳይቆርጠው በጎማ ከበብኩ። አግዳሚውን ወደ ኋላ ቦታው መለስነው። ኦቦ ታሲሳ የበቆሎ ጆንያ በሰው ልክ አስጭነው ከኋላ አስቀመጡና ሞከርን። ወረቀት አውጥቼ የሞተሩን ክዳን ጠረግኩ። ወረቀቱ አልራሰም።

«ይሄ ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት ነው» አልኩ።

«ቱቦው የት ነበረና?» አሉ ኦቦ ታሲሳ። ቆየት ብለው ግን «ገመድ ከመኪና ላይ ፈትተን፣ አጭር ቱቦ በአጭር ቀጥለን መሞከር እንችል ነበር። ያፈስሳል ብዬ ፈራሁ» አሉ። ፍርሃታቸው ትክክል ነው፤ የሚያፈስ ቤንዚን ላይ ሰው አይጫንም። ይህን እስከ ዛሬ አመዛዝነዋለሁ።

ለሜሳን ወደ ኦቦ ዋቅጅራ ላክነው፤ ቦታዎ ተመልሷል፣ ደርቋል በላቸው ብለን። «ጉንፋኑ ይልቀቀኝ፤ መጣሁ በላት ለጫልቱ» ብለው መለሱ። እሱ መልእክቱን ማዶ ያደርስ ነበር። አዴ ጫልቱም «የት ጋ እንዳቆምን እንዳይጠፋበት በለው» ይላሉ።

ኦቦ ዋቅጅራ የመጡት ለእኅታቸው ቀብር ነው።

የሞተሮቹን ዘይት ልቀይር እዚያው ነበርኩ። ለሜሳ ክንዳቸውን ደግፎ አስገባቸው። ፊት ሊቀመጡ ሲሄዱ ቀስ ብዬ ወደ ኋላው አግዳሚ አመለከትኳቸው። አዩኝና ሄደው ተቀመጡ። ለቀስተኛው ዙሪያቸውን ሞላው፤ ጀልባዋን በሙሉ ክብደት ከኋላ ተጫናት። መሐል ስንደርስ እጄን ክዳኑ ላይ አሳለፍኩ። አንድ ጠብታ አልነበረም።

መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ ነበር። የሣሩ አገዳ ደርቆ ገጾቹ መሐል ተጣብቋል። ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው «እዚህ ላይ ነበርን» አሉኝ።

ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ቅደም ተከተሉን ልጻፍላችሁ። ርጭት ሲያስቸግር የሞተሩን ከፍታ አስተካክሉ። ቀጥሎ ላሜራውን። ቀጥሎ ጭነቱን፤ ጭነት ስትሉ በመጀመሪያ ቤንዚኑንና ባትሪውን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ እህሉን። ሰው ከቦታው የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው።