እናቴ ለሜዳው ትኬት ያልቆረጠችበት ቀን

ባለፈው ክረምት ለአንድ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ባለመስታወት ሕንጻዎች ወደ አንዱ ስገባ ጥበቃው መታወቂያዬን ተቀብሎ «ጎብኚ» የሚል ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና እንግዳ መቀበያው ውስጥ እንድጠብቅ ነገረኝ። ግድግዳው ላይ ለጌጥ ብለው ገሳ ሰቅለዋል። ገሳ የእኛ አገር ሰው ከጓሳ ሣር ጎንጉኖ ዝናብ ሲመጣ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የሚከናነበው ልብስ ነው፤ እዚህ ግን ከሥሩ «ባህላዊ የዝናብ ልብስ፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፈውበታል። ሕንጻው ከውጭ ሲያዩት ሰማይ የሚያህል ቢሆንም ጣሪያው ያፈስ ኖሮ፣ ውሃው በገሳው ትከሻ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሣሩ ረጥቦ ሸተተኝ። ሽታውን ለማያውቀው ማስረዳት አይቻልም፤ የበግ ፀጉር፣ የጉምና የቆየ ጭስ ድብልቅ ነው ብል አንድ አራተኛውን የነገርኩ ይመስለኛል። ተነሥቼ ነካሁት። ጥበቃው «እትዬ፣ አይነካም ተብሎ ተጽፏል እኮ!» ሲል፣ እኔ ልቤ መንዝ ገብቶ፣ ከቀየት ገበያ ሽቅብ ወጥቶ ላይ ሜዳ ደርሶ ነበር።

ላይ ሜዳ የምንለው መንዝ ራሱ በርዶት ጋቢውን የሚደርብበት ከፍታ ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እንደ ዘበኛ ተራርቆ ይቆማል፣ ጭላዳ ዝንጀሮው በመንጋ ተቀምጦ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ሣር እየነጨ ይነጋገራል፣ ቀይ ቀበሮው ደግሞ ለአይጥ ሲያደባ ከጓሳው መሐል ጆሮው ብቻ ይታያል። ጓሳው ለእኛ ጣሪያችን፣ ገመዳችን፣ ልብሳችንና ፍራሻችን ነበር። ስለዚህም ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው ከባድ ቅጣት ይወድቅበታል፣ በድሮ ጊዜማ ጎጆው እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር ይባላል። ኋላ ከተማ ገብቼ ብዙ መጻሕፍት ሳነብ፣ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ባለቤት ስለሌለው መጥፋቱ አይቀርም ብለው በሙሉ ልብ የሚከራከሩ ሊቃውንት አጋጥመውኛል፤ ሁሉንም አንድ ቀን ጋሽ ሽፈራው ፊት ባቆማቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሽ ሽፈራው የሣሩ ዳኛ ነበሩ። አገር መርጧቸው ሜዳውን የሚዘጉትም የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ ትዕግሥታቸው ግን እንደ ገደል ነው፣ ጣል ያደረጉበት ነገር ሲወድቅ አይሰማም። ሜዳው በሚከፈትበት ጠዋት ወንዱ ሁሉ ማጭዱን በወገቡ ሽጦ ይቆማል እንጂ አያጭድም። የመጀመሪያው ማጭድ የመበለት ነው። በቅርብ ባሏ የሞተባት ሴት ትጠራለች፣ አንድ ሸክም አጭዳ ታስራለች፣ ጋሽ ሽፈራው «አገር ይግባ» ይላሉ፣ ከዚያ ነው ሜዳው በማጭድ ድምፅ የሚሞላው። ምክንያቱን ስጠይቅ የተነገረኝ ቀላል ነው፤ ጉልበተኛው ቀድሞ ከገባ ጉልበት የሌላት ምን ይተርፋታል?

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ አባቴም ከሞተ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ላይ ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ ሊሆን ነው የሚል ወሬ መጣ። ፓርኩ ገና ሳይመጣ የመግቢያ ዋጋው ቀድሞ ደረሰ። በዳገቱ አፍ ላይ ገመድ ተወጠረ፣ ከገመዱ አጠገብ የቆርቆሮ ዳስ ተሠራ፣ ከዳሱ ፊት የውጭ ዜጋ፣ የአገር ውስጥ ጎብኚ፣ ተማሪ፣ ተሽከርካሪና የቪዲዮ ካሜራ በየተራቸው የተጻፉበት ሰሌዳ ተተከለ። ለቪዲዮ ካሜራ ከሰው ይበልጥ ይከፈል ነበር፤ ካሜራ የማይበላና የማይጠጣ ከመሆኑ አንጻር ይህ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከደብረ ብርሃን የመጣ ታደለ የሚባል ወጣት የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ትኬት ይቆርጣል። ክፉ ልጅ አልነበረም። ብርዱ ግን ፊቱን ስላጨማደደው ሁልጊዜ የተቆጣ ይመስል ነበር።

የአካባቢው ሰው በነጻ እንዲገባ የነዋሪ ካርድ ይሰጣል ተባለና ለምዝገባ ወረድን። መዝጋቢው እናቴን «የየት አገር ሰው ነዎት?» አላት። እናቴ ቀና ብላ «የግሼ፣ ራቤል!» አለችና ያልተጠየቀችውን የአያቶቿን ስም መቁጠር ጀመረች። እኛ ዘንድ ሴት አገሯን ስትጠየቅ የአባቷን አገር እንጂ የባሏን አትጠራም፤ የባሏን ብትጠራ ወገን የሌላት ያስመስላታል። መዝጋቢው ይህን ከየት ይወቅ? የሌሎቹን ሚስቶች በባሎቻቸው ስም ሥር አስገብቷቸዋል፣ የእኔ እናት ባል ስለሌላት ለብቻዋ ቆመች፣ ለብቻዋም የሌላ ወረዳ ሰው ሆነች። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝና ካርድ ተሰጠኝ። በአንድ ጎጆ የምንኖር እናትና ልጅ፣ አንዷ ነዋሪ አንዷ ጎብኚ ሆነን ወጣን።

የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ጣሪያችን ባይኖር። አባቴ ቤቱን በአዲስ ጓሳ ሊከድን ሲያስብ ነው ሞት የቀደመው። ያን ክረምት የቀረን ደረቅ ቦታ ምድጃው ዙሪያ ብቻ ሲሆን፣ በስተደቡብ ያለው የጭቃ ግድግዳ እንደ ነከሩት ድፎ መለስለስ ጀምሮ ነበር። ሜዳው አሁን ተከፍቶ ከተዘጋ ለዓመታት አይከፈትም፤ ግድግዳው ደግሞ ሌላ ክረምት አይችልም። ሣር ካላገኘን ቤቱን ጥለን ራቤል ወደ አጎቶቼ መሄዳችን ነው፤ ያ ማለት ደግሞ የአባቴን ደጅ መዝጋት ነው።

ሜዳው የተከፈተበት ጠዋት ውርጩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ወንዶቹ ካርዳቸውን እያሳዩ አለፉ። የካርዱን ማንጠልጠያ ክር አንገታቸው ላይ ማጥለቁን ግን እንቢ ብለው ነበር፤ ባለ ማተብ አንገት ላይ ሌላ ክር አይጨመርም ብለው ካርዱን አህዮቻቸው አንገት ላይ ስላንጠለጠሉት፣ ታደለ የሚያነበው የባለቤቱን ስም ሆኖ የሚያየው የአህያ ፊት ነበር። እናቴ ደረሰች።

«እማማ፣ እርስዎ የነዋሪ ካርድ የለዎትም።»

«እማማ ማን ናት? ጥርሴ እንኳ አልወለቀም።»

«ይቅርታ፣ እትዬ። የአገር ውስጥ ጎብኚ ሆነው መግባት ይችላሉ።»

«ምን ልጎበኝ?»

«ሜዳውን ነዋ።»

«ሜዳውንማ አውቀዋለሁ። ላጭደው ነው የመጣሁ።»

«ጎብኚ አያጭድም» አለና ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ትኬቱን ብቻ ይቁረጡና ይግቡ። ከገቡ በኋላ የሚሠሩትን እኔ ምን አያለሁ?»

ልጁ የሚችለውን ደግነት ሁሉ ሰጥቷት ነበር። እኔም ቀሚሷን ጎተት አድርጌ ክፈይና እንግባ አልኳት፤ ዋጋው ከአንድ ዶሮ አይበልጥም ነበር። እናቴ መለስ ብላ ባላየችኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«ከከፈልኩ እንግዳ ነኝ» አለች። «እንግዳ ደግሞ ድርሻ የለውም።»

«እንግዲያው ልጅቷ ትግባና ታጭድልዎ፤ እሷ ካርድ አላት።»

«የሞተው የኔ ባል ነው፤ ማጭዱም የኔ ነው።»

ይህን ብላ ከገመዱ ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከጉያዋ የበግ ፀጉርና እንዝርት አውጥታ መፍተል ጀመረች። የመንዝ ሴት ስትቆጣ አትጮኽም፤ ትፈትላለች።

ታደለ ነገሩ አንዲት ሴት ሜዳው ሳትገባ መቅረቷ ብቻ መስሎት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሜዳው ጸጥ ማለቱን አስተዋለ። ውስጥ የገባው ወንድ ሁሉ ማጭዱን እንደ ሻጠ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሽፈራው ከአንድ ቋጥኝ ላይ ሆነው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ውርጩ ቀለጠ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ማንም አልተነሣም። እንዲህ እያለ የታደለ አለቃ ሁለት ፈረንጆችን በላንድክሩዘር ይዞ መጣ፤ ሰዎቹ የአጨዳውን ቀን ሊያዩ፣ ለቪዲዮ ካሜራቸውም የተጻፈውን ከፍለው ነው የመጡት። ያዩት ግን ተቀምጦ የሚያያቸው አገር ነው። ትንሽ ቀረጹን፤ የሚንቀሳቀሰው የእናቴ እንዝርት ብቻ ስለነበር እሱን አብዝተው ቀረጹ።

«ለምንድን ነው የማያጭዱት?» አለ አለቃው።

«መበለቷ አልገባችማ» አለው አንዱ፣ ፀሐይ ለምን በምሥራቅ ትወጣለች ተብሎ እንደ ተጠየቀ ሰው እየተገረመ።

«ትክፈልና ትግባ!»

የንስሐ አባታችን ሲቻኮሉ ወርደው ኪሳቸውን ዳበሱ። እናቴ ብድግ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመችና «አባቴ፣ ገንዘብዎን ለነዳያን ይስጡልኝ። ለእኔ የከፈሉ እንደሆነ ግን ደጅዎ አልደርስም» አለቻቸው። አባታችን ገንዘባቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው አጠገቧ ተቀመጡ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ጋሽ ሽፈራውም ተነሡ። ቁልቁል መጡ፣ ወንዱ ሁሉ አህያውን እየነዳ ተከተላቸው፣ አንድ በአንድ በገመዱ ሥር እያጎነበሱ ወጡና እናቴ በተቀመጠችበት ዙሪያ ዳገቱን ሞሉት። ካርዶቹ በአህዮቹ አንገት ላይ በነፋስ ይርገበገባሉ።

«በል እንግዲህ፣ ጌታው» አሉት አለቃውን፣ በዚያች ቀጭን ድምፃቸው፤ «እኛ ሁላችንም ውጭ ነን። ሜዳው ያውላችሁ፣ እጨዱት። ከነገ ጀምሮም ጠብቁት። ማን ከብት አስገባ፣ ማን የአስታ እንጨት ቆረጠ፣ ማን በቀበሮው ላይ ውሻ ለቀቀ ብላችሁ እኛን እንዳትጠይቁን። እንግዳ የሰው ግቢ አይጠብቅም።»

አለቃው ሞኝ አልነበረም። ከገመዱ ማዶ ያለውን ባዶ ሜዳ አየ፤ አድማስ እስኪደርስ አንድ ሰው የለበትም፣ ያለው ጠባቂ ደግሞ ታደለ ብቻ ነው። ፈረንጆቹን አየ፣ እንዝርቱን አየ። ከዚያ «ገመዱን አንሣው» አለ፤ «ካርድም ጻፍላት።»

ታደለ እየሮጠ ካርድ ይዞ መጣ። እናቴ የበግ ፀጉሩንና እንዝርቷን ጉያዋ ከትታ ቀሚሷን አራገፈች። «ገመዱን አንሣልኝ ልጄ። ወረቀቱ ይቆይህ» አለችና በተነሣው ገመድ ሥር ቀጥ ብላ አለፈች። ጎንበስ ብላ ጓሳውን በግራ እጇ ጨብጣ የመጀመሪያውን ስታጭድ የተሰማው ድምፅ፣ ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ሙዚቃ ሁሉ ደካማ አድርጎብኛል። ሸክሟን አሰረች። ጋሽ ሽፈራው «አገር ይግባ» አሉ። ሴቱ እልል አለ፤ ታደለም እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ያ ቀን ስለ መሸ ጋሽ ሽፈራው አንድ ቀን ጨመሩ፤ ቤታችንም ከክረምቱ በፊት ተከደነ።

ከዓመታት በኋላ፣ እናቴ በእርጅናዋ እኔ ዘንድ ስትኖር፣ ያን ቀን አለመክፈሏ ጀግንነት ይሁን ግትርነት አጥብቄ ጠየቅኋት። «ገንዘቡማ መቀነቴ ውስጥ ነበረ» አለች። «ግን ከፍዬ ብገባ አባትሽን ሁለተኛ መቅበሬ ነበር።»

ፓርክ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ቀበሮው ዛሬም ከጓሳው መሐል ጆሮውን ያሳያል፣ ለዚህ የደከሙትን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሣር ጠፋ ብዬም አላለቅስም፤ ቆርቆሮ ከጓሳ ይሻላል፣ በጓሳ ቤት ያላደገ ሰው ነው ስለ ጓሳ ቤት የሚቀኘው። ሌላ ነገር ነው የጠፋው። ዛሬ አንዲት ሴት አልከፍልም ብላ ሰልፍ ላይ ብትቆም ከኋላዋ ያለው ሁሉ «እትዬ፣ ሥራ አለብን» ይላታል፤ ሥራቸውን ትተው በብርድ የሚቀመጡላት ሰዎች ከየት ይመጣሉ?

በቅርቡ ወደ ላይ ሜዳ ወጥቼ ነበር። በገመዱ ፋንታ የብረት በር ቆሟል። አንድ ትሑት ወጣት ትኬት እንድቆርጥ ጠየቀኝ። የሜዳው ድርሻዬ ከአባቴ የወረደ፣ እናቴ የጠበቀችው፣ እኔም ያልለቀቅኩት መሆኑን አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰምቶኝ «ማስረጃ አለዎት?» አለ።

«ማስረጃዬ ሰው ነበር» አልኩት።

አልከፈልኩም። ከብረቱ ወዲህ ቆሜ ነፋሱ ጓሳውን እያስተኛ ሲያነሣው አየሁ። ብዙ ቆየሁ። ዞር ስል ከኋላዬ የተቀመጠ ማንም አልነበረም።