ሰው ያለበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጆቼ ሆሳዕና ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ስለ ቤቱ ሲከራከሩ ዋሉ። ዮሐንስ ከነጭራሹ አፍርሶ ባለ አንድ ፎቅ መሥራት ይፈልጋል። እህቱ ምሕረት ደግሞ "ኮርኒሱ ይቀየር፣ ግድግዳው ቀለም ይቀባ፣ በቃ" ትላለች። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ። ድምፃቸው እየጨመረ ሲሄድ፣ ሳላስበው የታላቅ ወንድሜን የላምቤቦን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ሆሳዕና ቤት ተከራይቼ እየተማርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በፈረስ ጋሪ ሌሞ ወዳለው ቤታችን እመለሳለሁ። አባታችን በሞተ በዓመቱ የሣር ቤታችን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል። እናቴ "ሣሩ ይታደስ፣ ግድግዳው ይመረግ" አለች። ጎረቤታችን አቶ ኤርሲዶ ምሰሶው ብቻ እንዲለወጥ መከሩ። ላምቤቦ ግን ዱራሜ ሲሠራ የቆርቆሮ ቤት ለምዶ ስለመጣ፣ ከማፍረስ በቀር ሌላ ነገር አይሰማም።

የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ መጣሁ። መንገዱ ገና አቧራ ነው፤ ሰማዩ ግን ከብዷል፣ በልጉ ደርሷል። ግቢያችን በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ላምቤቦ ለእናቴ ሳይነግር ለደቦ ሰው ጠርቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ደቦ ባለበት ግቢ የእንሰቱ ቡላ ከቅቤና ከአይብ ጋር ሲሠራ ሽታው ከመንገድ ይቀበለኝ ነበር። ያን ቀን እሳት እንኳ አልነደደም። ሰዎቹ መጥረቢያቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

"ከቤት አልወጣም አለች" አለኝ ላምቤቦ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ዝናቡ ቢጀምር ይወድቅባታል። አንቺ ግቢና አውጪያት።"

"ሰው ያለበት ቤት አይፈርስም፣ አንተ ልጅ" አሉት አቶ ኤርሲዶ።

ገባሁ። በእኛ አገር የድሮ ቤት ከብትም ሰውም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድረው። እናቴ ለመውለድ ከተቃረበችው ላሟ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የተነጋገርነው በሀዲይኛ ነበር፤ በአማርኛ ስጽፈው ቃሏ ትንሽ የለዘበ ይመስለኛል።

"ወንድምሽ ለአዲሱ ቤት ደጅ የተከላቸውን ችካሎች አየሻቸው?" አለችኝ። "ሁለት ክፍል። ላሜ የት ልትሆን ነው?"

"በረት ይሠራላታል፣ እማ።"

"ለጅብ ነው በረቱ? ቢጠይቀኝ እኮ እነግረው ነበር። አባትሽ ሲሞት እኔም አብሬ የሞትኩ መሰለው።"

"እንግዲያውስ እኔም አልወጣም" ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይህን ያልኩት ከጀግንነት አይደለም፤ ትቻት መውጣት ስላቃተኝ ነው።

ላምቤቦ መሰላል ላይ ወጥቶ የክዳኑን ጠርዝ መንቀል የጀመረው ያኔ ነው። ሊያስፈራራን እንጂ ሊጎዳን አላሰበም። ከላይ ጥላሸትና ሣር ሲወርድባት ላሟ ደነበረች። ገመዷ የታሰረው ምሰሶው ላይ ነበር። አንዴ ስትጎትት ምሰሶው ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ ጣሪያው በእኛ በኩል ዝቅ አለ። ጮህኩ።

ወንድሜ ከመሰላሉ እንዴት እንደ ወረደ አላውቅም። ሮጦ ገብቶ ምሰሶውን በትከሻው ደገፈ። የአንገቱ ሥር ተገትሮ "ውጡ! እማ፣ በእግዚአብሔር ውጪ!" አለ። እናቴ ግን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ገመዱ ሄደች። ቋጠሮው እስኪፈታ ላምቤቦ እያቃሰተ ቆመ፤ እኔ የላሟን ቀንድ ይዤ እጎትታለሁ። ላሟ ወጣች፣ እኛም ተከተልን። እሱ ዘሎ እንደ ወጣ የጣሪያው ግማሽ ከኋላው ተደረመሰ።

ላምቤቦ አቧራው ላይ ተቀምጦ፣ ትከሻው እየደማ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ሸማዋን አውልቃ ትከሻውን አሰረችለት። ከዚያ ወደ ችካሎቹ ሄዳ የዳሩን ችካል ነቀለችና ራቅ አድርጋ ተከለችው።

"እስከዚህ ድረስ የላሜ ነው" አለች።

ላምቤቦ ተነሥቶ ችካሉን በድንጋይ አጠበቀው። ሰዎቹ መጥረቢያቸውን አነሡ፤ እናቴም ደጅ ላይ እሳት አነደደች። ላሟ የወለደችው በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ነው፤ ዝናቡ ሲመታው እየደነገጠች ጥቂት ከረመች።

ብዙ ጊዜ ሳስበው ወንድሜ ክፉ አልነበረም። ቤቱ ይወድቃል ማለቱም እውነት ነበር። ለእናቱ በመፍራቱ እሷን መጠየቅ ረሳ። ፍቅር ሲቸኩል ሰውን ከዕቃ ጋር ይቆጥራል።

ድንቹን አስቀምጬ የምፈልገውን ለልጆቼ ነገርኳቸው። "የተሰነጠቀው የጓሮ ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ይሠራ። ሌላው ቀለም ይበቃዋል። ፎቁን እኔ ስሄድ ትሠሩታላችሁ።"

ዮሐንስ የሚናገር መስሎኝ ለክርክር ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና፣ "ቀለሙስ፣ እማ? ምን ዓይነት ትወጃለሽ?" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አስቤበት አላውቅም ነበር።