የላንድሮቨሩ እርቅ

ነቀምቴ ሳለሁ መኪና በድምፁ የምለይ ሴት ነበርኩ። የባለቤቴ ላንድሮቨር ከአርጆ መንገድ ታጥፎ ዳገቱን ሲጀምር፣ ማርሽ ሲቀየር የሚያቃስተው ነገር ነበረው። እሱን ስሰማ ወጡን ከእሳት አወርዳለሁ፤ እግሩ ደጃፍ ሲደርስ የእጅ ውሃው ተዘጋጅቷል። ቤንዚንና አቧራ ይሸታል። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ካፖርት የለበሰ ሰው በአጠገቤ ካለፈ ዞር ብዬ አያለሁ። አላፍርም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ባሌ የሸዋ ሰው ነበር፤ እኔ ከጎጃሜ አባት እዚያው ወለጋ የተወለድኩ ነኝ፤ እናቴ አርጆ ትኖር ነበር። ላንድሮቨሩ ከነቀምቴ አርጆ ሰው ያመላልሳል። ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። ማታ መመለሱን ልብ በሉልኝ፤ የእኔ ነገር ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። መኪናውን ስንገዛ የአዲስ አበባው ሻጭ «ኢንሹራንስ ካልገባ ቁልፍ አልሰጥም» ብሎ አስገባን። ነገሩ ብዙም አልገባንም ነበር። ባሌ «መኪናችን ቢታመም የሚያሳክምልን ዘመድ አዲስ አበባ አለን ማለት ነው» ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም እንደዚያ አድርጌ ያዝኩት።

አንድ ክረምት ፍሬኑ አልይዝ አለ። ጋራዡ ከከተማው ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነበር። ባለቤቱ የአገሩ ተወላጅ ኦሮሞ፣ ሙያውን ከጣሊያን የተማረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ባሌ ቁልፉን ሲሰጠው «አደራ» አለው። «ሀደራ» ብሎ ተቀበለ በራሱ ቋንቋ። ቃሉ አንድ ነው፣ ክብደቱም አንድ ነው።

በማግስቱ ፍሬኑን ፈታትቶ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አድርጎ ምሳውን ሊበላ ገባ። የሰነበተው ዝናብ መሬቱን አላልቶት ኖሮ ታኮው ተንሸራተተ። ላንድሮቨሩ ያለ ሹፌር፣ የኋሊት፣ የሰው በቆሎ እየደፈጠጠ ወርዶ ገደል ገባ። ሰው አልነካም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሄጄ ሳየው እንደ ሞተ በሬ አራት እግሩን ሰቅሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መካኒኩ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አራት ሽማግሌዎች አስከትሎ ደጃችን ላይ ቆመ። ሁለቱ የኦሮሞ፣ ሁለቱ የአማራ ሽማግሌዎች ናቸው። «ና ዲሲ» ይላል በቋንቋው፣ «ይቅር በለኝ» ይላል ደግሞ በአማርኛ፤ ላቡ ይንቆረቆራል። ባሌ ሮጦ ሄዶ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለትና «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለ። ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ በሁለቱም ቋንቋ መረቁ። ከመካከላቸው አንዱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ነውና ወረቀት አውጥቶ «ከእንግዲህ ባለመኪናው ባለጋራዡን በምንም አይጠይቅም» ብሎ ጻፈ፤ ሁሉም ፈረሙ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜአለሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሚስትን ይቅርታ የሚለምን ሽማግሌ እስከ ዛሬም አላየሁ።

ሳምንት ቆይቶ የኢንሹራንሱ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ባሌ ዘመድ መጣ ብሎ በግ አረደ። ገና ማዕዱ ሳይነሳ ያቺን የእርቅ ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ኮራ ብሎ ሰጠው። «እኛ አልተጣላንም ጌታዬ፤ ይኸው ታርቀናል» አለ። እንግዳ ጠብ እንዳያይብን መሆኑ ነው።

ሰውየው አነበበ። ደግሞ አነበበ። ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ሰሃኑ ላይ አኖረ። «ምን አደረጉ ጌታዬ?» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። መኪና ለጥገና ገብቶ ጋራዥ ውስጥ ቢጎዳ ተጠያቂው ባለጋራዡ ነው። ኩባንያው ለእኛ ይከፍለንና በእኛ እግር ተተክቶ ባለጋራዡን ይጠይቃል። «እርስዎ ግን አልጠይቀውም ብለው ፈርመዋል። እርስዎ የማሩትን ሰው እኛ በምን አፋችን እንጠይቀዋለን? መንገዱን ዘጉብን።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ባሌ ገፋ አደረገው። «ይህን እኔ አላየሁትም። ይቅደዱትና ይቅር አላልኩም፣ ጥፋቱ የእሱ ነው ብለው አዲስ ይጻፉልኝ። ከሰዓት በኋላ መጥቼ እወስዳለሁ» ብሎ ወጣ።

«ቅደደው» አልኩት ባሌን፣ ገና በሩ ሳይዘጋ።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» አለኝ።

«አፋፉንማ መኪናችን አልፎት ገደል ገባ!» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ያ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጥቷል» አለ። «ቢጠየቅ ጋራዡን ይሸጣል፤ ቤተሰቡ የት ይገባል? እኔስ እርቅ አፍራሽ ተብዬ በዚህ ከተማ በየትኛው ፊቴ እሄዳለሁ?»

«እኔስ የት ልግባ?» አልኩት። የኢንሹራንሱ ሰው ሲመጣ ባሌ ወረቀቱን ከነፊርማው ሰጠው። ወር ሳይሞላ ኩባንያው እንደማይከፍል የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን፤ ላንድሮቨሩም ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ቀረ።

ባሌ የሰው መኪና ነጂ ሆነ። ቡና ጭኖ አሰብ ይወርዳል፤ በሁለት ወር አንዴ መጥቶ ሦስት ቀን አድሮ ይሄዳል። ናፍቆት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አመሻሽ ላይ እጄ ለምዶ ወጡን ከእሳት ያወርዳል፤ የሚመጣ እንደሌለ ትዝ ሲለኝ መልሼ እጥደዋለሁ። ሲመጣ ደግሞ ሦስቱን ቀን በኩርፊያ እጀምራቸዋለሁ፤ ታርቀን ሳንጠግብ ይነጋል። መካኒኩን ሰላም አልለውም። ገበያ ላይ «አከም ቡልተኒ አዴ፣ እንዴት አደሩ እመቤቴ» ሲለኝ ፊቴን አዞራለሁ።

ከአደጋው በኋላ በሁለተኛው ክረምት እናቴ ታመመችና በበቅሎ አርጆ ወረድኩ። ላንድሮቨራችን ከጠፋ ወዲህ በዝናብ ወደዚያ የሚደፍር መኪና አልነበረም። አንድ ጠዋት ከእናቴ አጥር በር ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? መካኒኩ! እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«አዴ ኮ፣ ባለቤትዎ ትናንት ሳይታሰብ መጥቷል» አለኝ። «ነገ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። ጭነቱ በእጁ ስለሆነ ጥሎት መምጣት አልቻለም። እኔ ልሂድልህ አልኩት።» ያን ሁሉ መንገድ ሌሊቱን በእግሩ ነው የመጣው። ላከኝ አላለም፤ ልሂድልህ አልኩት ነው ያለው።

እናቴን ስሜ በቅሎዬ ላይ ወጣሁ። እሱ እየመራ ገሰገስን። እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ሞልቶ አገኘነው። ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። በሆዴ እየተሳልኩ ነበር፤ ጎማው ይፈንዳ፣ ሞተሩ እንቢ ይበል፣ ብቻ አንድ ቀን ይቆይልኝ እያልኩ። በመጨረሻ አላስችል አለኝና «መኪናው እንዴት ነው?» አልኩት። በሁለት ዓመት የመጀመሪያ ቃሌ ነበር።

«አያስቡ» አለኝ ሊያጽናናኝ። «ፍሬኑን፣ ሞተሩን፣ ሁሉን አይቼለታለሁ። ደህና ነው።»

ምነው ባላየኸው! አልኩ በሆዴ።

ውሃው የጎደለው ቀኑ ሲመሽ ነው። መንገድ ዳር ከሰው ቤት አድረን ነቀምቴ የገባነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ደጃችን ላይ የከባዱ መኪና ጎማ ጭቃውን አርሶት ሄዷል፤ ጠርዙ ገና አልተናደም። ጎረቤቴ ወጥታ «ሞተሩን አስነስቶ ፀሐይ እስክትወጣ ወደ አርጆ መንገድ ሲያይ ቆየ» አለችኝ። ቤት ብገባ አልጋው ተነጥፏል፤ ትራሱ ቤንዚን ይሸታል።

በዚያው ጉዞ አሰብ በረሃ ላይ ንዳድ ያዘው። እዚያው ተቀበረ።

ለቅሶ የመጣ ሁሉ «ቃሉን የጠበቀ ሰው ነበር» እያለ አጽናናኝ። ሽማግሌዎቹም አሉኝ፤ መካኒኩም መሬት መሬት እያየ አለኝ። እውነታቸውን ነው። ቃሉ ይኸው ዛሬም በሰው አፍ አለ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።