የልጄ ትንፋሽ የተቀዳበት ቀን

ከአገር ወጥቼ በምኖርበት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ድምፅ ማጉያና የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁም። ከደንበኞቼ ጋር የምከራከረው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነበር። "ድምፁ ያልተቀነሰበት ሙሉ ፋይል ካልሆነ ዘፈኑን ሰማሁት አትበል" እላቸዋለሁ። እንዴት እንደተቀዳስ ብሎ የሚጠይቀኝ ሲመጣ፣ እሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት ደረቷ ማፏጨት የጀመረው ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ነው። ስትነቃ ድምፁ ይጠፋል። ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ሲያዳምጣት ታለቅስ ስለነበር ምን እንደሰማ እንጃ፤ ጉንፋን ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። ሽሮፑ አለቀ፣ ፉጨቱ ግን ባሰ። አንድ ቀን ከንፈሯ የጠቆረ መሰለኝ። ሚስቴ መስኮቱን ከፍታ በብርሃን አየችውና "የለም፣ ደህና ነው" አለች።

ሚስቴ የሕፃናት ሐኪም የሆነች የአክስት ልጅ አዲስ አበባ አለቻት። ደወልንላት።

"ስትተኛ የምታሰማውን ድምፅ ቅዱና ላኩልኝ" አለችን።

ከሱቄ ትልቁን መቅጃ ይዤ በሩጫ መጣሁ። ከቀትር በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ልጅቷ ተኛች። መቅጃውን ከክፍሉ ጫፍ ያለው ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬ የመጨረሻውን ጥራት መረጥኩ። ቀድቼ ልልክላት ስል ፋይሉ ግዙፍ ስለነበር ለመሄድ ይንፏቀቅ ጀመር።

"በስልክ ብትቀዳው እስካሁን ደርሶ ነበር" አለች ሚስቴ።

"በስልክ ግማሹ ድምፅ ይቆረጣል!" ብዬ ጮህኩባት።

በመጨረሻ ሐኪሟ ደወለች። "የሰማሁት የአየር ማቀዝቀዣችሁን ነው። ሞተሩም፣ ውሃው ሲንጠባጠብም ጥርት ብሎ ይሰማል። የልጅቷ ትንፋሽ ግን የለም።"

"ከዚህ የበለጠ ጥራት ያለው ፋይል እኮ የለም" አልኳት።

"ፋይሉን ተወው፣ ወንድሜ። ማቀዝቀዣውን አጥፋ፣ ልብሷን ግለጥ፣ ስልክህን ደረቷ ላይ አስጠጋ። መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ። በድምፅ መልእክት ላክልኝ፤ ቶሎ በል።"

ማቀዝቀዣውን አጠፋሁት። ክፍሉ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። ጸጥ ሲል ነው የፈራሁት፤ ፉጨቱ ምን ያህል እንደሆነ እስከዚያ ድረስ አላወቅኩም ነበርና። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልኬን በቀኝ በኩል አስጠጋሁ። አየሩ በወጣ ቁጥር ቀጭን ፉጨት ይከተለዋል። በግራ በኩል ግን ፉጨት የለም። ሁለቱንም ላክሁላት።

መልሷ ደቂቃ አልፈጀም። "ሰሞኑን ስትበላ ትን ብሏት ነበር? ኦቾሎኒ፣ ቆሎ፣ እንዲህ ያለ ነገር?"

"ኧረ በጭራሽ" አለች ሚስቴ። እኔ ግን ትዝ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ፉጨቱ ገና ሳይጀምራት፣ ሚስቴ ገበያ ሄዳ ልጅቷ ከእኔ ጋር ነበረች። አንድ ዘፈን በሁለት ዓይነት ፋይል እያቀያየርኩ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ልዩነቱን ለመስማት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ፊቷ ደም መስሎ ታስላለች። ከእኔ ሳህን ያነሳችው ኦቾሎኒ በእጇ አለ። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት፣ ዝም አለች፣ ቀጥላም ሳቀች። እኔም ማዳመጫዬን መልሼ አደረግሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

"ትን ብሏት ነበር" አልኩ።

ሚስቴ ዞራ አየችኝ። ልጅቷን አንስታ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

"አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት። ውሃም ቢሆን እንዳትሰጧት" አለች ሐኪሟ።

ታክሲው ውስጥ ሬዲዮው ይጮኻል። እንዲዘጋልኝ በሶማሊኛ ለመንኩት፤ ጫት የወጠረው ሾፌር ልጅቷን በመስታወት አየና ዘጋው። ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ፣ አንዱ ትንፋሽ ሲወጣ ቀጣዩ ይመጣ ይሆን እያልኩ ሄድኩ።

ተረኛው ሐኪም በፈረንሳይኛ የምለውን ሳልጨርስ አስቆመኝና ስልኩን ተቀበለኝ። የቀኙን ሰማ፣ የግራውን ሰማ፣ የቀኙን ደገመ። ከወንበሩ ተነሣ። ልጄን ይዘዋት ገቡና በሩ ተዘጋ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ በመካከላችን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ያ ግዙፍ ፋይል ያስቀመጠልኝ የሞተር ጩኸት ብቻ ነው፤ ከክፍሉ ጫፍ የቀዳሁትን የትኛውም ጥራት ወደ ልጄ ደረት ሊያቀርብልኝ አይችልም ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ ሚስቴ ተናገረች።

"ትን ሲላት አጠገቧ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"አልሰማህም?"

"አልሰማሁም።"

ሐኪሙ ወጥቶ ከቀኝ ሳንባዋ ያወጡትን ግማሽ ፍሬ ኦቾሎኒ በትንሽ ብልቃጥ አሳየን። ሚስቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ልጅቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳነች። ሚስቴ ግን ለብዙ ሳምንታት እኔንና ልጅቷን ለብቻችን አልተወችንም፤ እኔም አልተከራከርኳትም። አንድ ረፋድ ዘንቢሏን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ታያታለህ?" አለችኝ።

"አያታለሁ።"

እስክትመለስ ድረስ ከልጄ ጎን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። በሳቀች ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።