አውራ ጣቴ ያረፈበት መዳብ

የሄድኩ ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ቃሊቲ ያለው ቤታችን በዘመድ ጢም ብሎ ሳለ፣ አባባ ወደ ጓዳ ጠሩኝና መዳፌን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን ላይ የቆሙ ሰው ናቸው፤ ሠርተው የጨረሱትን ብረት ሁሉ እንዲህ ዳስሰው ነው የሚያስረክቡት። “ደህና ነው፣ ይሂድ” አሉ። ለብረቱም የሚሉት ይህንኑ ነበር።

ጀርመን የመጣሁት መዳብ ልመዝን ነው፤ ስትሰሙት ይቀላል። መዳቡ በሌዘር ተመትቶ ይተናል፤ ከአተሞቹ አምስቱ፣ አሥሩ ተጣብቀው፣ ኤሌክትሪክ ተሸክመው አየር በሌለበት ቧንቧ ውስጥ ይበራሉ። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ጥቅል በክብደቱ ይለያል። ብርዱን አታንሱብኝ፤ የቃሊቲ ሐምሌ እዚህ ቢመጣ በጋ ይባል ነበር። አከራዬ ሥራዬን ስነግራት፣ “አተም በክብደቱ የምትለይ ሰው የወረቀት ቆሻሻን ከፕላስቲኩ መለየት እንዴት አቃተህ?” አለችኝ።

የዶክትሬት ትምህርቴ የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር ነበር፤ ንጹሕ ውጤት ካላሳየሁ ወደ አገሬ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ሌዘሩ የሚመታውን አዲስ የመዳብ ሳህን ቧንቧው ውስጥ አስገባሁ። ስክሪኑን የሞላው ግን መዳብ ሳይሆን ሶዲየም ሆነ። ላቦራቶሪውን የምትመራው ፕሮፌሰር ቧንቧውን አስከፍታ ሳህኑን በጓንት ያዘችና ወደ መብራት አስጠጋችው።

“ማን ነው በእጁ የነካው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ጓንቴን አውልቄ ልስላሴውን በአውራ ጣቴ ሳልዳስስ ቧንቧውን መዝጋት አልሆነልኝም ነበር። የላቤ ጨው ነው ጉድ የሠራኝ። አፈርኩ። ስለ አባባ ስነግራት ግን አልሳቀችም፤ የእሷም አባት አናጢ እንደነበሩና እንጨቱን እንደዚያው ይዳስሱ እንደነበር ነገረችኝና ጥቂት ቀን ጨመረችልኝ። ሳህኑን አጠብኩ፣ ቧንቧውን አሙቄ አጸዳሁ፣ እንደገና ሞከርኩ። መዳቡ ተራ በተራ ብቅ አለ፤ አምስት አተም፣ ስድስት፣ ሰባት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እንድቀጥልም ተፈቀደልኝ።

የስልክ ካርድ ገዝቼ ቤት ደወልኩ። አባባ ሁሉንም ሰምተው፣ “አሁንስ ዳሰስከው?” አሉኝ።

“አይነካም አባባ፣ ክልክል ነው።”

ከበስተጀርባቸው የሚኒባስ ክላክስ ይሰማል።

“ታዲያ ደህና መሆኑን በምን ታውቃለህ?”

ስለ መሣሪያው ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ።

“እሱን ተወው። ስትመጣ እጅህን አያለሁ።”

መቼ እንደምመጣ አልጠየቁኝም፤ እኔም ገና አራት ዓመት እንደሚቀረኝ አልነገርኳቸውም።